የጋፋት የብረታ ብረት ሥራ

ጋፋት በደቡብ ጎንደር፣ ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኝ ታሪካዊ ሥፍራ ነው። በ1850ዎቹ (ዓ.ም.) ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችንና የአገሩን ሠራተኞች በዚህ ሥፍራ አሰባስበው መድፍ፣ የመድፍ ጥይት፣ ሠረገላና ሌላም ዕቃ አሠርተውበታል። ከሥራዎቹ ሁሉ ስሙ የገነነው «ሴባስቶፖል» የተባለው ግዙፍ መድፍ ነው። ጋፋት ለቴክኖሎጂ ታሪክ ተማሪ የናሙና ሥራ ቀደምት ምሳሌ ሆኖ ያገለግላል። የናሙና ሥራ ማለት ሠሪው ከዚያ በፊት ሠርቶት የማያውቀውን ዕቃ አንድ ጊዜ ሠርቶ መሞከር፣ ጉድለቱን ማየትና አርሞ እንደገና መሥራት ነው። በጋፋት ይህ የተካሄደው ሥዕል፣ መለኪያና ልምድ ባልነበረበት፣ ትእዛዙም ጊዜ በማይሰጥበት ሁኔታ ነበር።

ስም

ጋፋት የሚለው ስም የአንድ ሕዝብና የአንድ ቋንቋ ስምም ነው። የጋፋት ቋንቋ ከአማርኛ ጋር የሚዛመድ ሴማዊ ቋንቋ ሲሆን ዛሬ ተናጋሪ የለውም። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በደብረ ታቦር አጠገብ የሚገኘውን ሥፍራ ብቻ ነው።

ዳራ

በኋላ ቴዎድሮስ የተባሉት ደጃዝማች ካሳ ኃይሉ ገና ከመንገሣቸው በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1848 በሱዳን ጠረፍ ደባርቂ በተባለ ቦታ ከግብፅ ጦር ጋር ገጥመው ተሸንፈዋል። የግብፅ ጦር መድፍ ነበረው፤ ሥልጠናውም የተሻለ ነበር። ካሳ በዚህ ውጊያ ያዩትን የመድፍ ኃይል አልረሱትም። በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ዘውድ ከጫኑ በኋላ ዘመናዊ መሣሪያ የታጠቀ ሠራዊት ማቋቋም ዋና ዓላማቸው ሆነ።

መሣሪያ ከውጭ አገር ማስገባት ግን ቀላል አልነበረም። የቀይ ባሕር በር የሆነው ምጽዋ በኦቶማን ቱርኮች፣ ከእ.ኤ.አ. 1865 ወዲህ ደግሞ በግብፆች እጅ ነበር። በመሆኑም ንጉሡ መሣሪያውን ከመግዛት ይልቅ ሠሪውን ወደ አገር ማምጣት መረጡ። መቀመጫቸውን ደብረ ታቦር ስላደረጉ፣ የሥራው ሠፈርም በአቅራቢያዋ በጋፋት ተቋቋመ።

ሠራተኞቹ

ከአውሮፓ የመጡት ሠራተኞች አብዛኞቹ መድፍ ለመሥራት የመጡ አልነበሩም። በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ከሚገኘው የክሪሾና ተልዕኮ የተላኩ የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን ነበሩ። ላኪዎቻቸውን ያበረታቱት በኢየሩሳሌም የአንግሊካን ጳጳስ የነበሩትና በወጣትነታቸው ኢትዮጵያ ውስጥ የኖሩት ሳሙኤል ጎባት ናቸው። ዕቅዱ ሚሲዮናውያኑ በእጃቸው ሙያ እየኖሩ ወንጌል እንዲያስተምሩ ነበር። ከእነዚህ መካከል ቴዎፊል ቫልድማየር፣ ካርል ዛልሙለር፣ ክርስቲያን ቤንደርና ዮሐንስ ማየር ይጠቀሳሉ። ቫልድማየርና ዛልሙለር የአፄ ቴዎድሮስ የቅርብ አማካሪ የነበረውን የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ሴት ልጆች አግብተዋል።

ከሚሲዮናውያኑ ውጭ የሆኑ ባለሙያዎችም ነበሩ። ከፖላንድ የመጣው ሞሪትዝ ሃል በመድፍ ማቅለጥ ሥራ ስሙ ይነሳል። ቡርጎ የተባለ ፈረንሳዊ ጠመንጃ ሠሪም በሠፈሩ ይሠራ ነበር።

ከአውሮፓውያኑ ጋር የአገሩ ልጆች በረዳትነትና በተማሪነት ተመድበው ሠርተዋል። የጎንደር አካባቢ ቀደም ሲልም የራሱ የብረት ሥራ ነበረው። አንጥረኞች በከሰል፣ በወናፍ፣ በመስፍ፣ በጉጠትና በመዶሻ ማረሻ፣ ማጭድ፣ ጦርና ቢላዋ ይሠሩ ነበር። ከእነዚህ ባለሙያዎች ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል ነበሩ። ሥራቸው ለገበሬውም ለወታደሩም አስፈላጊ ቢሆንም፣ ሙያው ይናቅ ነበር፤ ባለሙያውም «ቀጥቃጭ»፣ «ቡዳ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። ንጉሡ ለጋፋት የውጭ ሠራተኞች በቅሎ፣ ልብስና ብር እየሸለሙ በአደባባይ ማክበራቸው በዚያ ዘመን ለእጅ ሥራ ይሰጥ ከነበረው ቦታ ጋር ሲነጻጸር ያልተለመደ ነገር ነበር።

የመጀመሪያው ትእዛዝ

አፄ ቴዎድሮስ ሚሲዮናውያኑን መድፍና ፈንጂ ጥይት እንዲሠሩ ባዘዟቸው ጊዜ፣ እንዲህ ያለውን ሥራ እንደማያውቁት መለሱ። ቫልድማየር እ.ኤ.አ. በ1886 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ እንደገለጸው፣ ንጉሡ መልሱን አልተቀበሉትም፤ የሠራተኞቹ አገልጋዮችም ታሰሩ። ሠራተኞቹ ለመሞከር ቃል ሲገቡ ነው የተፈቱት።

የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም። የማቅለጫው ምድጃ ሙቀቱን መቋቋም አቅቶት ተበላሸ። ሙከራው በሌሎቹ ሠራተኞች ተደገመ፤ እያረሙ ከቀጠሉ በኋላ ነሐሱ ቀልጦ ወደ ቅርጹ ፈሰሰ፤ የመጀመሪያው መድፍም ተሠራ። ንጉሡ እጅግ ተደሰቱ፤ ሠራተኞቹንም ሸለሙ። ስኬቱ ግን ሥራውን አላቃለለውም። ትንሽ መድፍ መሥራት እንደሚቻል ከታየ በኋላ ትእዛዙ እየበዛ፣ የሚፈለገው መድፍም እየገዘፈ ሄደ።

ነሐስ ለምን ተመረጠ

ነሐስ የመዳብና የቆርቆሮ ቅልቅል ነው። ንጹሕ ብረት የሚቀልጠው በ1538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ መዳብ በ1085 ዲግሪ ይቀልጣል። አሥር በመቶ ያህል ቆርቆሮ የተጨመረበት ነሐስ ደግሞ በ1000 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ከሰልና ወናፍ ያለው ሠራተኛ ሁለተኛውን ሙቀት ማግኘት ይችላል፤ የመጀመሪያውን ማግኘት ግን በጣም ከባድ ነው። የአገሩ አንጥረኞችም ብረትን ከድንጋዩ የሚያወጡት እንደ ውኃ አቅልጠው ሳይሆን፣ በከሰል እሳት አለስልሰው፣ ቆሻሻውንም በመዶሻ እየቀጠቀጡ በማስወጣት ነበር። በዚህ ምክንያት ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ ለሚፈስ ትልቅ ዕቃ ነሐስ ተስማሚ ነበር። በተጨማሪም ነሐስ በጥይት ግፊት ጊዜ እንደ ጥራት የጎደለው ቅልጥ ብረት በድንገት አይፈረካከስም።

የሥራው አስቸጋሪ ደረጃዎች

መድፍ በማቅለጥ ሲሠራ አራት ነገሮች በአንድነት መሳካት አለባቸው።

ምድጃው። የምድጃው ጡብ ከሚቀልጠው ነሐስ ይበልጥ ሙቀት መቻል አለበት። ለቤት ሥራ የሚያገለግል ተራ ሸክላ በዚህ ሙቀት ይለሰልሳል፣ ይሰነጠቃል፣ ከዚያም ይፈርሳል። እሳት የሚችለውን አፈር ለይቶ ማግኘት በራሱ ሙከራ ይጠይቃል፤ የአንዱ ኮረብታ አፈር ሲፈርስ የሌላው ሊጸና ይችላል።

አየሩ። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ የወናፍ ምት ወደ ከሰሉ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል፤ ተመሳሳይ ሙቀት ለማግኘትም ወናፉ በብዛት ወይም በፍጥነት መነፋት አለበት። በአውሮፓ ቆላ አገር የሚሠራ የምድጃ ልክ በደጋው ላይ እንደነበረ ሊሠራ አይችልም።

ቅርጹ። የቀለጠው ነሐስ የሚፈስበት የሸክላ ቅርጽ ፈጽሞ የደረቀ መሆን አለበት። በውስጡ ጥቂት እርጥበት ቢቀር ውኃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ነሐሱን በአየር ቀዳዳ ይሞላዋል፤ ይባስ ሲል ቅርጹን አፈንድቶ ሰው ያቃጥላል። ክረምቱ ረጅምና ዝናባም በሆነበት ደጋ ትልቅ ቅርጽ እስከ ውስጡ ማድረቅ ብዙ ቀን ይፈልጋል።

አፈሳሱ። ነሐሱ ሳይቋረጥ በአንድ ጊዜ መፍሰስ አለበት። መሐል ላይ ከተቋረጠ ቀድሞ የፈሰሰው ይቀዘቅዛል፤ ኋላ የሚመጣውም ከእርሱ ጋር አይዋሐድም። መድፉ ላይ ላዩን ደህና ቢመስልም በዚያ መጋጠሚያ ላይ ደካማ ይሆናል፤ ሲተኮስ የሚፈነዳውም ከዚያ ነው። ስለዚህ የመድፍ ናሙና ትክክለኛ ፈተናው መልኩ አይደለም፤ ባሩድ ተጭኖበት ሲተኮስ ነው የሚታወቀው። በፈተናው ጊዜ ደግሞ ሠሪውና ተኳሹ አጠገቡ ይቆማሉ።

ሴባስቶፖል

በጋፋት ሠራተኞች የተሠራው ትልቁ መድፍ ሴባስቶፖል ተባለ። ስሙ የተወሰደው እ.ኤ.አ. ከ1854 እስከ 1855 በክራይሚያ ጦርነት ከተከበበችው የሩሲያ የጦር ወደብ ነው። መድፉ ሞርታር የሚባለው ዓይነት ነው፤ አጭርና ሰፊ አፍ ኖሮት ከባድ ጥይት ወደ ላይ አጉኖ ከምሽግ በስተጀርባ ይጥላል። ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይደርሳል።

የዚህን ክብደት ትርጉም ለመረዳት ከአንጥረኛ ሥራ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። በአንድ ጊዜ 20 ኪሎ ነሐስ የሚያቀልጥ ዕቃ ያለው ሰው 7 ቶን ለማግኘት 350 ጊዜ ማቅለጥ አለበት። መድፉ ግን በአንድ አፈሳስ መሞላት ስላለበት፣ ያ ሁሉ ነሐስ በአንድ ሰዓት ቀልጦ መገኘት ነበረበት። ትንሹን መድፍ የሠራው ዘዴ በማባዛት ብቻ ለትልቁ አይበቃም፤ ምድጃው፣ የማፍሰሻው ቦይ፣ የቅርጹ ጥንካሬና የማድረቂያው ጊዜ ሁሉ እንደገና መታሰብ አለባቸው።

የተጠየቁት መሣሪያዎች

አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሉት ሠራተኞች የሚችሉት ውስን መሆኑን ያውቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1862 በቆንስሉ በቻርልስ ደንከን ካሜሮን በኩል ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ላኩ። መልስ ሳይመጣ በመቅረቱ ካሜሮንንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። እ.ኤ.አ. በ1866 ደግሞ ሚሲዮናዊውን ዮሐን ማርቲን ፍላድን ወደ ለንደን ልከው የእጅ ባለሙያዎችና የሥራ መሣሪያ እንዲላኩላቸው ጠየቁ። የእንግሊዝ መንግሥት ባለሙያዎችንና መሣሪያዎችን አዘጋጅቶ እስከ ምጽዋ ላከ። እስረኞቹ ግን አልተፈቱም፤ ባለሙያዎቹና መሣሪያዎቹም ወደ ደጋው ሳይወጡ ተመለሱ። ጋፋት ሊያገኘው ይችል የነበረው መሣሪያ ባሕር ዳርቻ ላይ ቀረ።

የመቅደላ ጉዞና ፍጻሜ

በዚህ ጊዜ አብዛኛው አገር ከንጉሡ አምፆ ነበር፤ በእጃቸው የቀረውም በደብረ ታቦር ዙሪያ ያለው ጥቂት አገር ነበር። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ (ጥቅምት 1867 እ.ኤ.አ.) ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ሠራዊታቸውን፣ አውሮፓውያን ሠራተኞችንና መድፎቹን ይዘው ወደ መቅደላ ተነሡ።

ሴባስቶፖልን ለመጎተት 500 ያህል ሰው ያስፈልግ ነበር። በመንገዱ ላይ የጅዳና የበሽሎ ጥልቅ ሸለቆዎች ነበሩ፤ ሠረገላ የሚያልፍበት መንገድም አልነበረም። መንገዱን ድንጋይ እየፈለጡ፣ ገደሉን እያስተካከሉ መሥራት ግድ ሆነ፤ ንጉሡ ራሳቸውም ድንጋይ በማንሣት ይሠሩ ነበር። ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጅቶ በመጋቢት 1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሱ።

በጄኔራል ሰር ሮበርት ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር በዚያው ሰሞን ደረሰ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ በአሮጌ ሜዳ በተደረገው ውጊያ የቴዎድሮስ ሠራዊት ተሸነፈ። ሚያዝያ 6 ቀን እንግሊዞች መቅደላን ሲወጡ አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሠዉ። ብዙ ድካም የወጣበት ሴባስቶፖል የውጊያውን ውጤት ሊለውጥ አልቻለም። መድፉ ለእንግሊዞችም ለማጓጓዝ የሚቻል አልነበረምና በመቅደላ አምባ ላይ ቀረ።

የጋፋት አውሮፓውያን ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ። ቫልድማየር በኋላ በሊባኖስ ብሩማና ትምህርት ቤትና አስፉሪየህ የተባለ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ። ሞሪትዝ ሃል በጃፋ ኖረ፤ ከኢትዮጵያዊት ሚስቱ ከካታሪና የተወለደችው ማግዳሌና የእንግሊዛዊው ተዋናይና ደራሲ የፒተር ኡስቲኖቭ አያት ናት። በጋፋት ግን ምድጃው ቀዘቀዘ።

ናሙና ያኔና ዛሬ

ጋፋትን ከዛሬው የናሙና ሥራ ጋር ማነጻጸር፣ ሥራው ለምን እንዳልቀጠለ ለመረዳት ይረዳል። ዛሬ በፍጥነት ከሚሠሩት የብረት ናሙናዎች ውስጥ ብዙዎቹ የሚሠሩት ከላሜራ፣ ማለትም ከስስ የብረት ወይም የአሉሚኒየም ዝርግ ነው። የመሣሪያ ሣጥን፣ የማሽን ሽፋንና የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ማቀፊያ የዚህ ምሳሌዎች ናቸው።

ሥራው በሦስት ደረጃ ይከናወናል። በመጀመሪያ ዕቃው በኮምፒውተር ይሣላል፤ ፕሮግራሙም የታጠፈውን ዕቃ ዘርግቶ ጠፍጣፋ ልኩን ያወጣል። ቀጥሎ የሌዘር መቁረጫ ላሜራውን በዚያ ልክ ይቆርጣል። በመጨረሻ በማጠፊያ ማሽን ይታጠፋል፤ ካስፈለገም ይበየዳል። ለብዙ ምርት የሚያገለግል ልዩ መግጫ ሳይሠራ፣ በተራ የማጠፊያ መሣሪያ ብቻ ስለሚሠራ፣ ሥዕሉ በገባ በጥቂት ቀን ዕቃው እጅ ላይ ይደርሳል።

ሥራው ቀላል ቢመስልም የራሱ ሒሳብ አለው። ላሜራ ሲታጠፍ የውጩ ፊት ይለጠጣል፤ የውስጡ ይጨመቃል፤ በመካከላቸው ርዝመቱ የማይለወጥ መስመር ይኖራል። ለምሳሌ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ በ90 ዲግሪ ታጥፎ፣ በውጭ ሲለካ ሁለቱም ጎኖቹ 50 ሚሊ ሜትር እንዲሆኑ ቢፈለግ፣ ጀማሪ 100 ሚሊ ሜትር ይቆርጥ ይሆናል። የውስጥ ኩርባው 2 ሚሊ ሜትር ከሆነና የማይለወጠው መስመር ከውስጥ በኩል በውፍረቱ 0.42 ላይ ቢገኝ፣ ኩርባው የሚወስደው 4.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቀጥ ያሉት ክፍሎች እያንዳንዳቸው 46 ሚሊ ሜትር ስለሚሆኑ፣ ትክክለኛው ቁራጭ 96.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። 100 የቆረጠ ሰው ዕቃው በ3.5 ሚሊ ሜትር ይረዝምበታል፤ የብሎን ቀዳዳውም አይገጥምለትም። ከዚህም ሌላ የታጠፈ ብረት ኃይሉ ሲለቀው በጥቂቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ስለዚህ ከሚፈለገው በትንሹ አልፎ መታጠፍ አለበት። የመስመሩ ቦታና የመመለሱ መጠን ከብረት ብረት ስለሚለያዩ፣ ጥንቁቅ ሠሪ አስቀድሞ በቁራጭ ላሜራ ይሞክራል።

በሁለቱ ዘመናት መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ስሕተት የሚያስከፍለው ዋጋ ነው። በላሜራ ሥራ የተሳሳተ ናሙና የሚያባክነው አንድ ቁራጭ ብረትና ጥቂት ሰዓት ነው። ሥዕሉ ላይ አንድ ቁጥር ተለውጦ በማግሥቱ ሌላ ይሠራል፤ የታረመው ቁጥርም ለሚቀጥለው ሠሪ ይቀመጣል። በጋፋት የተበላሸ ሙከራ ምድጃውን፣ ከሰሉንና የብዙ ሳምንት ድካምን ይወስድ ነበር፤ የንጉሡ ቁጣም ተጨማሪ ዕዳ ነበር። ሠራተኛ በነጻነት እንዲሳሳት፣ ስሕተቱንም እንዲመዘግብ የሚያደርግ ሁኔታ አልነበረም። የተገኘው ዕውቀት በጥቂት ሰዎች ጭንቅላትና እጅ ብቻ ቀረ፤ ሰዎቹ ሲበተኑም አብሮ ተበተነ።

ሌላው ምክንያት ሥራው አንድ ገዥ ብቻ ያለው መሆኑ ነው። የአካባቢው አንጥረኛ ማረሻውን ለገበሬ ይሸጥ ስለነበር ነገሥታት ቢለዋወጡም ሙያው ቀጥሏል። የጋፋት ምድጃ ግን የሚነደው ለንጉሡ ትእዛዝ ነበር፤ ትእዛዙ ሲቆም የሚያነደው አልነበረም።

ቅርስ

ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ይገኛል። አምሳያው በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ጋፋት የታሪክ ጎብኚዎች የሚሄዱበት ሥፍራ ሲሆን ስሙም በቴክኖሎጂ ተቋማት ስያሜ ሕያው ሆኖ ቀጥሏል፤ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ጋፋት ተብሎ ይጠራል።

የእጅ ባለሙያን መናቅ ከጋፋት በኋላም ለብዙ ዓመታት ቀጥሏል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አንጥረኛውን፣ ሸማኔውንና ሌላውንም ሠራተኛ በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጀዋል። ዛሬ በደብረ ታቦርና በሌሎች ከተሞች የብረት በርና መስኮት የሚሠሩ በያጆች ላሜራ በልክ ቆርጠውና አጥፈው ይሠራሉ። ለደንበኛ ዕቃ ከመቁረጣቸው በፊት በካርቶን ወይም በቁራጭ ብረት መሞከር በሥራው ውስጥ የተለመደ ጥንቃቄ ነው።